ለኪሊ የገዛሁት ቴሌቪዥን

ሴፕቴምበር 14፣ ዓርብ

መምህርት ፓሽቢ «ቤረል፣ ደብተር ይግዙና የመጣልዎትን ይጻፉበት፤ አላየውም፣ አላርመውም» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ስታሳድደኝ የኖረች ሴት አላርምም ስትል ማመን ይቸግራል። ቢሆንም ገዛሁ።

ሰባ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ባሌ ቴድ ከሞተ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለቤቱ የሚያነበው እሱ ነበር። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ወደብ ዳር ዓሣ ስበልት ኖሬአለሁ። ዓሣ ፊደል አይጠይቅም።

ዛሬ ከሄስል መንገድ አሮጌ ዕቃ ሱቅ ትንሽ ቴሌቪዥን ገዛሁ። ለልጅ ልጄ ለኪሊ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ባለሱቁ ካርቶኑን እያሰረ፣

«የዛሬ ልጆች ቴሌቪዥን ያያሉ እንዴ?» አለኝ።

«የእኔዋ ታያለች» አልኩት።

ታያለች። እናቷ፣ ልጄ ሎሬን፣ አዲስ ባሏን ተከትላ ዶንካስተር ከገባች ወዲህ ኪሊ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የጥያቄና መልስ ፕሮግራሙን አብረን አይተናል። እሷ የድንች ጥብሷ ላይ ቅመም ነስንሳ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ያን ጊዜ የምርጫ መልሶቹን ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። ለምን እንደምታነብልኝ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሴፕቴምበር 22፣ ቅዳሜ

አደረስናት። የጎረቤቴ የኖራ ልጅ በመኪናው ወሰደን። ኖራም ሳትጠራ መጣች፣ «ልሸኛት» ብላ። ሊያመልጣት የማይገባ ነገር መስሏት ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወደ መኪና ማቆሚያ የሚያይ መስኮት። አምስት ልጆች አንድ ወጥ ቤት ይጋራሉ። ካርቶኑን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስገባ አንዷ ጠይም ረጅም ልጅ፣ ፕሪያ ትባላለች፣ «ውይ፣ እውነተኛ ቴሌቪዥን! አያቴም ቤት አለ» አለች። ለመሳደብ አልነበረም። ለዚህም ነው የቆጠቆጠኝ።

ኪሊ «እማማ፣ አያስፈልገኝም እኮ፣ እዚህ ማንም የለውም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ።

«አሥራ አንድ ሰዓትስ?»

ካርቶኑን አየችው። ከዚያ «እሺ፣ እየደወልኩልሽ አብረን እናያለን» አለችኝ።

ቀደም ብለን ስንገባ በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ካርቶኑን አይቶ አስቁሞኝ ነበር። «እመቤቴ፣ ቴሌቪዥን ከሆነ ክፍሏ በየዓመቱ የሚከፈልበት የራሷ የቴሌቪዥን ፈቃድ ያስፈልጋታል። ለየብቻው የሚቆለፍ በር እንደ አንድ ቤት ነው የሚቆጠረው።»

«እኔ ፈቃድ አለኝ። አንድም ዓመት አላዛነፍኩም።»

«የእርስዎ ለእርስዎ ቤት ነው።»

«የእሷም ቤት የእኔ ቤት ነው» ብዬው አለፍኩ። ኖራ ከኋላዬ ሳቅ አለች። «ቤረል እና ፈቃድ» አለች ለልጇ። ሰምቻታለሁ።

ኦክቶበር 3፣ ረቡዕ

በየቀኑ ትደውላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ። ዛሬ ሰባት መልሳለች፣ እኔ አራት።

አንድ ነገር ብቻ። «የአቅራቢው ክራቫት ዛሬ አያምርም አይደል?» ስላት «አዎ፣ ያ ሰማያዊ አይሆነውም» አለችኝ። ክራቫቱ ቢጫ ነበር። የቴሌቪዥኑ ቀለም ተበላሽቶ ይሆናል። አሮጌ ዕቃ ነው። ባለሱቁ አጭበርብሮኛል።

ኦክቶበር 11፣ ሐሙስ

ኪሊ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የመጣ የደብዳቤ ፖስታ። ስም የለበትም፤ «ለክፍል 14 ነዋሪ» ይላል። ከሥሩ ቀይ መስመር አለው። ያንን መስመር አውቀዋለሁ።

ደወልኩላት። ትስቃለች።

«ለሁላችንም ይመጣል እማማ። ቴሌቪዥን ለሌላቸውም ይመጣል። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈናቸዋል። ፕሪያ ጺም ሥላባቸዋለች።»

«ከፍታችሁ አነበባችሁት?»

«ማን ይከፍተዋል?»

ስልኩን ዘጋሁ። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ማንበብ የሚችል ሰው ደብዳቤ አለመክፈቱን ምን ልበለው? እኔ ያልከፈትኩት ስለማልችል ነበር።

ኦክቶበር 12፣ ዓርብ

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ተማሪዎችና ስለ ቴሌቪዥን ፈቃድ የሚናገረውን ወረቀት አገኘሁ። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ አነበብኩት። ማንንም ሳልጠይቅ። እንዲህ ይላል፦ ተማሪው ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ የሚኖርበት ቤት ፈቃድ ካለው፣ በዚያ ፈቃድ ሊሸፈን ይችላል።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ገጹ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያ ዘበኛ ምን ይል እንደሆን አያለሁ።

ኦክቶበር 14፣ እሑድ

ዛሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንግሥት ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። እንዳልረሳው እዚህ ገልብጬዋለሁ፦

«ለሚመለከተው። የልጅ ልጄ ኪሊ ሃክስቢ ሊድስ ውስጥ በተማሪዎች ማደሪያ ክፍል ቁጥር 14 ትኖራለች። በክፍሏ ውስጥ እኔ የገዛሁላት ቴሌቪዥን አለ። በየቀኑ ታየዋለች። ነገር ግን ቤቷ የእኔ ቤት ስለሆነ የእኔ ፈቃድ ይሸፍናታል። የፈቃዴን ቁጥር ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። ስለዚህ ቀይ መስመር ያለበት ወረቀት እንዳትልኩባት በትሕትና እጠይቃለሁ። ቤረል ሃክስቢ።»

አድራሻዋን በሙሉ ጻፍኩ። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ቴድ ቢያየኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ባያየኝ ይሻላል አልኩ፤ ይስቅብኝ ነበር።

ለኪሊ አልነገርኳትም። ሲያልቅ እነግራታለሁ።

ኦክቶበር 18፣ ሐሙስ

የትምህርት ቀን። ግልባጩን ለመምህርት ፓሽቢ አሳየኋት። ለመኩራራት ነበር፤ አልዋሽም። እሷ ስታነብ ፊቷን አየሁ።

«ቤረል፣ ይህን ልከውታል?»

«እሑድ።»

«ያነበቡት ወረቀት ይዘዋል?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው። ጀርባው ላይም ጽሑፍ አለ። አረፍተ ነገሩ እዚያ ይቀጥላል። ሊሸፈን ይችላል፤ መሣሪያው በራሱ ባትሪ ብቻ የሚሠራ ከሆነና ሶኬት ላይ ካልተሰካ።

የገዛሁላት ቴሌቪዥን ባትሪ የለውም።

መምህርት ፓሽቢ «ሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ስህተት ነው» አለችኝ። አይደለም። ልጅ ሆኖ ያነበበ ሰው ገጽ መገልበጥ አይማርም፤ እጁ ራሱ ይገለብጣል። የእኔ እጅ አይገለብጥም።

«ለኪሊ ይደውሉላት» አለችኝ።

«እደውልላታለሁ» አልኩ።

ኦክቶበር 19

ደወለች። ስድስት መለሰች። አልነገርኳትም። ሳል ይዟታል።

ኦክቶበር 23

አልነገርኳትም። ፈተና አለብኝ ብላለች። ፈተና ላይ ያለች ልጅ አይረበሽም።

ኦክቶበር 26

ኖራ ቆሻሻ ስታወጣ አጥሩ ላይ አገኘችኝ። «ምነው ፊትሽ? ልጅቷ አትደውልም እንዴ?»

«በየቀኑ ትደውላለች።»

«ጎበዝ። የእኔዎቹ ገንዘብ ሲያልቅባቸው ነው የሚደውሉት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ ቴሌቪዥን ፈቃድ ወጣላት?»

«ምን አገባሽ?»

«ኧረ ምንም። ምድጃ ያቃጠለው ሰው አይረሳም ብዬ ነው።»

ኦክቶበር 30

«ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ንቀይው» ብላትስ? ለምን ትለኛለች። ለምን እንደሆነ ከነገርኳት ሁሉንም መንገር ነው። አልነገርኳትም።

ኖቬምበር 4፣ እሑድ

ዝናብ ነው፤ አልወጣሁም። እስቲ ልጻፈው።

በ1981 ነው። ቴድ የዓሣ ማጥመዱ ሥራ ከጠፋ በኋላ ባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ገብቶ ሁለት ሁለት ወር ይቆይ ነበር። ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር፣ ቀይ መስመር ያለባቸው። ምን እንደሚሉ አላውቅም። የሻይ ፎጣዎቹ መሳቢያ ውስጥ ከሥር አስቀመጥኳቸው። ቴድ ሲመጣ ያነባቸዋል ብዬ ነው። ሲመጣ ደግሞ አላሳየሁትም። ለምን እንዳላሳየሁት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ገና ሲመጣ የሁለት ወር ድካም ይዞ ስለሚመጣ ነው ብያለሁ። እውነቱ ግን የመጀመሪያውን ደብቄ ሦስተኛውን ማሳየት ስላፈርኩ ነው።

ከዚያ ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ በሩን አንኳኳ። ጨዋ ሰው ነበር፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ሎሬን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ካርቱን ታያለች። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ጻፈ። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለኝ። ስሜን መፈረም እችል ነበር፤ የምችለው እሱን ብቻ ነበር። ፈረምኩ። በሁለተኛው ወር ያለ ፈቃድ ቴሌቪዥን አይተሻል ተብዬ ፍርድ ቤት ቆምኩ። ዳኛዋ «ይህ የእርስዎ ቃል ነው?» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አየሁት። አዎ አልኩ። ምን እንደነበር አላውቅም።

የከተማው ጋዜጣ ላይ ወጣሁ፤ ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ ያለሁበት መንገድ። ኖራ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። «ቤረል፣ ጋዜጣ ላይ ወጥተሻል። ላንብብልሽ?» አለችኝ። አነበበችልኝም። እንደማልችል ታውቅ ነበር፤ ስንት ዓመት ታውቅ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ሲያልቅ «አንዲት ኮማ እንኳ አልጨመርኩም» አለችኝ።

አሁን ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍም እችላለሁ። የሠራሁበት ሥራ ይኸው። የራሴን ልጅ ከነስሟ፣ ከነክፍል ቁጥሯ አሳልፌ ሰጠሁ። በዚያን ጊዜ ሰውዬው መጥቶ ነበር የጠየቀኝ። አሁን ማንም አልጠየቀኝም።

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ

መልሱ መጣ። ገልብጬ አየሁት፤ በጀርባው ምንም የለም። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስላሳወቁን እናመሰግናለን። የእርስዎ ፈቃድ ከቤትዎ ውጭ ሶኬት ላይ የተሰካ ቴሌቪዥን አይሸፍንም። ነዋሪዋ ያለ ፈቃድ የምታይ ከሆነ ሕግ መተላለፍ ነው። መርማሪ ሊጎበኛት ይችላል።

ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

ኪሊ አስተማሪ መሆን ነው የምትፈልገው። አስተማሪ ሲቀጥሩ ፍርድ ቤት ቆመሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ መሰለኝ።

ኖቬምበር 14፣ ረቡዕ

ሄድኩ። በስልክ አይሆንልኝም፤ በስልክ ደፋር ሰው አይደለሁም። ባቡሩ ውስጥ የምለውን አዘጋጀሁ። ሊድስ ስደርስ አንዱንም አላስታውስም።

ማደሪያው ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ያ ዘበኛ አልነበረም፣ ሌላ ነው። ፕሪያ በር ከፈተችልኝና ወጥ ቤት አስቀመጠችኝ። «ኪሊ ቤተ ሙከራ ናት፣ ትመጣለች። ሻይ ላፍላልዎት?» አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት። በፊት ቂም ይዤባት ነበር። ደብዳቤዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ ጺማም ሆነው።

«ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ከፈቃድ ነኝ ብሎ የኪሊን በር አንኳክቶ ነበር» አለችኝ ፕሪያ እየሳቀች። «አልከፈትንለትም። ትንፍሽ እንኳ አላልንም።»

ሻዩን ወደ ጎን ገፋሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ኪሊ ናት።

«እማማ፣ ጀመረ አይደል?»

ምን ልበል? ዙሪያዬን አየሁ። ድስት፣ መጥበሻ፣ የደረቀ ዳቦ። «ጀመረ» አልኩ።

«ምነው ምንም አይሰማኝ? ድምፁን አጥፍተሽዋል እንዴ? ከፍ አድርጊውና ስልኩን አስጠጊው፤ አለዚያ ጥያቄውን አልሰማም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ስትሰማ የኖረችው የእኔን ቴሌቪዥን ነው፤ በእኔ ስልክ።

«ኪሊ፣ የት ነሽ?» አልኳት።

«ክፍሌ ነዋ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት» አለች። ድምፅዋ በስልኩም በማደሪያው ደረጃም ይሰማል። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ በነጭ የቤተ ሙከራ ጋዋኗ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

ሁለታችንም ስልካችንን አልዘጋንም ለጥቂት ጊዜ።

ፕሪያ ኩባያዋን ይዛ ወጣች። ብልህ ልጅ።

ክፍሏ ገባን። ቴሌቪዥኑ አልጋው ሥር ነው፤ ካርቶኑ ባለሱቁ እንዳሰረው እንደታሰረ ነው። ገመዱን እንኳ አልፈታችውም።

«እንዳትከፊ ብዬ ነው» አለችኝ። «ዛሬ ቶሎ አለቀ እንጂ በዚህ ሰዓት ቤተ ሙከራ ነኝ። ወጥቼ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ነው የምደውልልሽ። መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፣ የት ትሄጃለሽ ብሎ።»

«ምን አልሽው?»

«አያቴ ታማለች አልኩት።»

እኔም የእኔን ነገርኳት። ሁለቱንም ደብዳቤ ሰጠኋት፣ የኔን ግልባጭና የእነሱን መልስ። ቆማ አነበበች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም ስታነብ፤ የእኔ ይንቀሳቀሳል።

«ስሜን ጻፍሽላቸው» አለች። «የክፍሌንም ቁጥር።»

«አዎ።»

«ሳትጠይቂኝ።»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። «ለዚህ ነው ሰውየው የመጣው። የእኔን በር ብቻ ነው ያንኳኳው፤ ሌላ አላንኳኳም። ለምን እንደሆነ ስናወራ ነበር።» ከዚያ ዞራ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ ስህተት እንደሆነ?»

«አራት ሳምንት።»

«እና በየቀኑ ስደውልልሽ ዝም?»

«አንቺስ?» አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን አልኩት፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ቴሌቪዥን እንደማላይ ኢንተርኔት ላይ ማሳወቅ ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ነው። አሁን ላድርገው» አለች።

«የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውንም እኔ እጽፈዋለሁ» አልኳት።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ አታበላሺው።»

«ከመላኬ በፊት ታነቢዋለሽ» አልኩ። እሺ አለች። ቴሌቪዥኑን ይዤ ልመለስ ብል ከባድ ነው ብላ ጣቢያ ድረስ ተሸከመችልኝ። መንገድ ላይ ብዙም አላወራንም። ባቡሩ ሲመጣ ካርቶኑን አስገብታ ጉንጬን ሳመችኝ። ቸኩላ ነው የሳመችኝ።

ኖቬምበር 15፣ ሐሙስ

ትምህርት አልሄድኩም። ጻፍኩ።

«ለሚመለከተው። በኦክቶበር 14 የጻፍኩላችሁ ደብዳቤ ትክክል አይደለም። የወረቀቱን ጀርባ ሳላነብ ነው የጻፍኩት። በክፍል 14 ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁን እኔ ቤት ነው። በየቀኑ ታየዋለች ያልኩትም ትክክል አይደለም። የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን አታይም።»

እዚህ ላይ ቆሜ ሳህን አጠብኩ። ተመልሼ ጨመርኩ፦

«አይቻለሁ ያለችኝ እኔ ስለፈለግሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤረል ሃክስቢ።»

ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰችልኝ፦ «የመጨረሻዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች ማንሳት ትችያለሽ። አያስፈልጓቸውም።»

አላነሳኋቸውም።

ኖቬምበር 16

አሥራ አንድ ሰዓት። አልደወለችም። እኔ ነኝ አትደውዪ ያልኳት፤ ከቤተ ሙከራ አትውጪ ብዬ። ሦስት መለስኩ።

ኖቬምበር 19

ኖራ «ዛሬ ቴሌቪዥንሽ ዝቅ ብሏል፣ ታመምሽ እንዴ?» አለችኝ በአጥሩ በኩል። ስምንት ሳምንት ሙሉ በግድግዳው ስትሰማን ኖራለች ማለት ነው።

«ኪሊ ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ።

«ይሆናል» አለች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን፣ «ከፈለግሽ እኔ መጥቼ አያለሁ።»

አስብበታለሁ አልኳት። አላሰብኩበትም።

ኖቬምበር 28፣ ረቡዕ

ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት መስመር መጣ። ክፍሉ ፈቃድ እንደማያስፈልገው መዝግበናል። ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው።

ለኪሊ በመልእክት ጻፍኩላት። «ጥሩ» ብላ መለሰች። ሌላ ነገር የለውም።

ዲሴምበር 4፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም፤ አንድ ነገር ደርሶባታል ብዬ ልብሱን ጥዬ አነሳሁት።

«ሥራ ላይ ነሽ?» አለችኝ።

«ልብስ ላይ ነኝ።»

«ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለች። ስትቀመጥ ተሰማኝ። ከጀርባዋ ምንም ድምፅ የለም፤ ከእኔም ጀርባ የለም። ከዚያ ያወራችው ነገር ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይዛው የኖረችው ነው። እናቷ አታውቅም። በየቀኑ በዚያ ደረጃ ላይ ቆማ ስድስትና ሰባት ስትመልስልኝ ይህንን ይዛ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

አርባ አምስት ደቂቃ ያህል አወራን። ብዙውን እሷ ናት። ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገርኳትም፣ ስለማላውቅ። በመጨረሻ «ለማንም አትንገሪ» አለችኝ።

«አልነግርም።»

«አትጻፊውም።»

ትንሽ ሳቀች ይህን ስትል፤ ትንሽ ብቻ።

ነገ ደግሞ ትደውላለች፤ መቼ እንደሆነ አላወቀችም። ልብሱ ዝናብ ሳይመጣበት ደርቋል። የነገረችኝን እዚህ አላሰፈርኩትም፤ አላሰፍረውምም።